እሱም ዘሩም

ከኢዮንያ ዳርቻ፣ ከአባታችን ቤት
የወይን ለቀማው ባለቀ በሳምንቱ

ለወንድሜ ለአርቴሞን፣

ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? ባሕሩስ እንዴት ይዞሃል? እኛ ሁላችንም በሕይወት አለን፤ አማልክት ይመስገኑ። ደብዳቤህን ያደረሰልን የጨው ዓሣ ነጋዴ ደጃፍ ላይ ሰጥቶኝ ሳይቀመጥ ሄደ። ግባና አረፍ በል ብለው እንቢ አለ። የዘንድሮ እንግዳ እንዲህ ሆኗል፤ ሰው ቤት ገብቶ ዳቦ መቁረስ ያፍራል።

የጠየቅኸኝን ልመልስልህ። አዎ፣ የሰማኸው እውነት ነው። ማሳውን ዋግ መታው፤ ከወንዙ ማዶ የተረፈውን ደግሞ የንጉሡ ወታደሮች አጨዱት። ገብስ ካምናው እጥፍ እየተሸጠ ነው፤ ገና ይጨምራል ይላሉ። ስንዴማ ስሙን ብቻ ነው የምንሰማው። አንተ ግን ጉደኛ ነህ፤ የእናትህን ጤና ሳትጠይቅ የገብስ ዋጋ ትጠይቃለህ? ለናኒስ ባነብላት «ምን ያድርግ፣ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ልጁ ያው ገብሱ ነው» ብላ አሳቀችን። ሚስቴን ታውቃት የለ፣ አፏ አያርፍም።

እማዬ ትንሽ ከስታለች። ዕድሜ ነው ትላለች። እኔም ዕድሜ ነው እላለሁ።

አሁን ደስ የሚለውን ስማ። ዕጣው በኔ ወጣ። የዘንድሮው እርግማን አንባቢ ወንድምህ ነው። ለአዲሱ ወይን በዓል ነጭ ልብስ ለብሼ፣ ቲያትሩ መሀል እርግማኑ የተቀረጸበት ድንጋይ አጠገብ ቆሜ፣ በሕዝቡ ሁሉ ፊት አነባለሁ። አባባ ዕድሜውን ሙሉ ሲመኘው ሳያገኘው የሞተው ነገር ነው። እማዬ የሰማች ቀን ንጹህ ቀሚሷን ለብሳ ጎረቤት ለጎረቤት ዞረች፤ የሜሊታን በር ሁለቴ ነው አሉ ያንኳኳችው።

ጓሮ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያልኩ እለማመዳለሁ። ልጄ ሚካ መጥረጊያውን እንደ በትር ይዛ ከኋላዬ ትከተላለች። ስድስት ዓመት ሳይሞላት ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ይዛዋለች። «ለዚህ ሕዝብ የሚገባውን እህል በባሕር ይሁን በየብስ፣ በጉልበት ይሁን በብልሃት ያስቀረ፣ እሱም ዘሩም ይጥፋ» ትላለች በዚያች ቀጭን ድምጿ። እኔና አንተ ቃሉን ካባባ ሰርቀን ፍየሏን የረገምንበት ቀን ትዝ አለኝ። ፍየሏ ግን ከሁላችንም በላይ ኖረች።

ሰው ሁሉ መንገድ ላይ እያቆመኝ «ወንድምህ መቼ ይገባል?» ይለኛል። እህል የሞላ መርከብ ያለው ካንተ ሌላ ሰው የለንም። ቶሎ ና።

ወንድምህ ሌኦዳማስ

*

ከቴኔዶስ ደሴት፣ ከወደቡ
የዘር ወር መግቢያ

ለወንድም ጋሼ፣

ስላዘገየሁት መልስ እግርህ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በዕጣው የተደሰትኩትን ያህል በሕይወቴ አልተደሰትኩም። እዚህ መርከበኞቼን ወይን አጠጣኋቸው፤ «ወንድሜ ሊረግማችሁ ነው» አልኳቸው፣ ሳቁ። እውነት እልሃለሁ፣ ያንተ ድምፅ ለዚያ ቦታ የተፈጠረ ነው። ልጅ ሆኜ ስትቆጣኝ አጥሩ ይነቃነቅ ነበር።

ያልመጣሁበት ምክንያት ቀላል ነው። የመርከቡ መሪ ተሰበረ። አናጢው ደግሞ ሰነፍ ነው፤ ዛሬ ነገ እያለ ያመላልሰኛል። እንጨቱን ከማዶ ያስመጣል፣ እንጨቱ ሲመጣ ምስማር የለም ይላል። እኔስ ባልመጣ ወድጄ መሰለህ? የገብሱን ነገር አታስብ፤ ደርቆ የገባ ነው፣ ዓመት ቢቀመጥ ነቀዝ አይነካውም።

ለእማዬ የላክሁት ማር ደረሰ? ለሚካ ደግሞ ከቀንድ የተሠራች ትንሽ ዶልፊን በዚህ ሰው እጅ ልኬላታለሁ። ጅራቷን ስትነፋው ታፏጫለች። ጆሮህን ብታደነቁርህ ራስህ ታውቃለህ።

እግረ መንገድህን ዋጋው እንዴት እንደሆነ ብትጽፍልኝ ደስ ይለኛል። ለአናጢው ከምሰጠው ጋር ላስላው ብዬ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

ታናሽህ አርቴሞን

*

ከአባታችን ቤት
የዘር ወር ሊያልቅ ሲል

አርቴሞን፣

ዋጋውን አልጽፍልህም።

ዶልፊኗን ያመጣው ሰው ከኔ ጋር ቁጭ ብሎ ነበር። ጨዋ ሰው ነው፣ ነገር አያውቅም። «የወንድሜ መሪ ተጠገነለት?» ብለው «የቱ መሪ?» አለኝ። «የሚያምር መርከብ ነው፣ ምንም አልሆነም። ወንድምህ ጠዋት ጠዋት ወደቡ ላይ ቆሞ ከደቡብ የሚመጣውን ሁሉ ያንተን ከተማ የገብስ ዋጋ ይጠይቃል፤ ሰው ስሙን ‹ገና ነው› ብሎታል» አለኝ። እየሳቀ ነው የነገረኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ ሚስቴ ፊት ነበር።

ያመመኝ የዋሸኸኝ ብቻ አይደለም። ያን ዋጋ በገዛ እጄ ጽፌ የላክሁልህ እኔ መሆኔ ነው። ለወንድሜ ሰላምታ የጻፍኩ መስሎኝ ዋጋው ስንት ይደርሳል እያልክ እንድትቆይ ረድቼሃለሁ።

አባባ የሚያስተምረን ስሞች ትዝ ይሉሃል? ለሌባ አንድ ስም ነበረው፣ ወይን ላይ ውሃ ለሚጨምር ሌላ፣ በመዳብ ላይ ብር ቀብቶ ገንዘብ ነው ለሚል ደግሞ ሌላ። ከሁሉ የሚጠላው ግን ፕሌዎኔክሲያን፣ ከድርሻ በላይ መመኘትን ነበር። «ሌባ እንኳ ርቦት ይሰርቃል፤ ይኸኛው ግን የራሱ ዳቦ ፊቱ ሳለ ከሌላው ፊት የሚቆርስ ነው» ይል ነበር። ያኔ አንተ ነህ ከኔ ፊት የምትቆርሰው፤ እኔም ዝም እልህ ነበር፣ ታናሼ ነህና። አባባ እጅህን በማንኪያ ሲመታህ አለቀስኩልህ። ምነው ጠበቅ አድርጎ በመታህ ኖሮ።

እዚህ ያለውን ልንገርህ። ሰው የወይን ፍሬ ጭማቂው ከወጣ በኋላ የቀረውን አተላ አድርቆ እየፈጨ ይበላል። የባሉጥ ፍሬ የሚለቅሙት ሴቶች ተጣሉና አንዷ ጥርሷ ወለቀ። ጎረቤታችን ሜሊታ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከትንሹ ልጇ ከቢዮን ጋር ብቻዋን ናት፤ ሕፃኑ ሲያለቅስ በግድግዳው በኩል ይሰማናል። ቢዮንና ሚካ አብረው ነው የሚጫወቱት፤ አሁን ግን መሮጥ ትተዋል፣ ቁጭ ብለው ድንጋይ ይደረድራሉ።

እማዬ ስላንተ ስትጠይቀኝ መሪው ተሰብሯል አልኳት። «የኔ ልጅ፣ ባሕሩ ላይ ሳለ ባይሰበርበት ጥሩ» አለች።

አሁን ልብ ብለህ ስማኝ። ለአዲሱ ወይን በዓል ያንን ቃል በአፌ እናገራለሁ። እሱም ዘሩም ይላል። አንተ ልጅ የለህም። ዘርህ ማን ነው? ሚካ ናት። የገዛ ልጄን በገዛ አፌ፣ በሕዝብ ፊት ልረግማት ነው። ከበዓሉ በፊት ወደብ ግባ። ከገባህ ስለ መሪው የነገርከኝን ለሁሉም እነግራለሁ፤ ማንም ምንም አያውቅም። ለምኜህ አላውቅም፤ አሁን እለምንሃለሁ።

ሌኦዳማስ

*

ከቴኔዶስ
ባሕሩ በተቆጣበት ሰሞን

ለወንድም ጋሼ፣

ደብዳቤህን ሦስት ቀን በጉያዬ ይዤ ዞርኩ። መጀመሪያ አፈርኩ፣ ኋላ ግን ተናደድኩ። ሳልደብቅ እነግርሃለሁ፤ መዋሸቱ ለኔም ሰልችቶኛል።

ከሰው ፊት አልቆረስኩም። ገብሱ በገንዘቤ የገዛሁት፣ በመርከቤ የጫንኩት ነው። ከማንም ጎተራ አላወጣሁም። የቆምኩበት ቦታ ላይ ቆሜያለሁ እንጂ። መቆም ወንጀል ከሆነ ድንጋዮቹን ሁሉ እርገማቸው።

ስለ አባባ ካነሳህ እኔም ላንሳ። መርከቡ የሰጠመ ዓመት የወይን ቦታውን በስንት ሸጠው? አንድ ክረምት በምንበላው ምስር። የገዛው ማን ነበር? የሜሊታ አማት፣ ያ ጢሙን ቀብቶ የሚሄደው ሽማግሌ። ያኔ አባባ ዋጋ ጨምርልኝ ብሎ ደጁ ሲቆም እኔ እጁን ይዤ ነበር። «ከፈለግህ ውሰድ፣ ካልፈለግህ ተወው» አለው። እኛ ስንራብ ቲያትሩ ውስጥ ቆሞ የረገመልን ሰው ነበር? ያ ሽማግሌ በዓሉ ላይ ከፊት ተቀምጦ እርግማኑን እየሰማ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ለሱ ስም አልነበረውም፤ ለኔ ጊዜ ነው አባባ ስም የነበረው።

ልጅ ባይኖረኝም ሚካን የምወዳት መሆኔን ታውቃለህ። ይህን ሁሉ የማደርገው ለማን መሰለህ? የወይን ቦታውን መልሼ እገዛዋለሁ። እሷ እዚያ ታድጋለች። ከበዓሉ ትንሽ አለፍ ብሎ እመጣለሁ፤ ያኔ ዋጋው ጫፍ ይደርሳል ብለውኛል።

አንድ ነገር አስቤያለሁ፣ አትቆጣ። ቃሉ «በጉልበት ይሁን በብልሃት» ነው የሚለው። በጉልበት የከለከልኩት ነገር የለም። «በብልሃት» የምትለዋ አንዲት ቃል ናት። እሷን ብትዘላት እኔም አልነካ፣ ሚካም አትነካ። ሳል ያዘኝ በል። ማን ያስተውላል?

አርቴሞን

*

ከአባታችን ቤት
ቀኑ ባጠረበት ወር

አርቴሞን፣

ሁሉም ያስተውላል። አንተ ከከተማው ከራቅህ ቆየህ፣ ረስተኸዋል። ሳነብ ሽማግሌዎቹ ከንፈራቸውን አብረው ያንቀሳቅሳሉ። ቃል የዘለለ አንባቢ ራሱ እርግማኑ ውስጥ ይገባል፤ እሱም ዘሩም። ስለዚህ ባነበውም ሚካ ናት፣ ብዘለውም ሚካ ናት። ያሰብከው ብልሃት ልጄን ከአንዱ አፍ አውጥቶ በሌላው የሚከት ነው።

ደግሞ ረስተኸው ከሆነ፣ አንብቤ ስጨርስ አዋጅ ነጋሪው ወደ ሕዝቡ ዞሮ «የሚያውቅ ይናገር» ይላል። በየዓመቱ ማንም አይናገርም፤ ሰው መቀመጫውን እያነሳ ወደ ወይኑ ይሄዳል። ዘንድሮ ግን የሚያውቅ አለ። አጠገቡ ነው የሚቆመው።

የወይን ቦታውን በተመለከተ እውነትህን ነው። ያ ሰው በድሎናል። እኔም አልረሳሁትም፤ በዚያ ስሄድ ፊቴን ዞር አድርጌ ነው። ግን እሱ ሞቷል። ቢዮን ያኔ አልተወለደም። በግድግዳው በኩል የሚያለቅሰው ቢዮን ነው እንጂ ሽማግሌው አይደለም።

ስለ እማዬ ማር ጠይቀህ ነበር። እማዬ አሁን ስላንተ መጠየቅ ትታለች። ማሩን ለሚካ ሰጥታት ነበር፤ የራሷን ዳቦም በጉያዋ እየያዘች ትሰጣት እንደነበር የደረስንበት ቆይቶ ነው። ስለ እሷ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ነፋሱ የሚያርፍባቸው ቀናት እየመጡ ነው። ተነሣ። ዕቃህን አስይዘህ አይደለም፣ እኔን አስይዘህ ነው የተቀመጥከው።

ሌኦዳማስ

*

ከቴኔዶስ
ነፋሱ ባረፈበት በመጀመሪያው ቀን

ለወንድም ጋሼ፣

እመጣለሁ። በቃ፣ አሸነፍከኝ። እማዬ መጠየቅ ትታለች ያልከው ነገር አንጀቴን ቆረጠው። ተቀይማኛለች ማለት ነው። አውቃታለሁ፣ ስትቀየም ስም አትጠራም። እኔ ራሴ እግሯን ይዤ እለምናታለሁ። ጥቁር ለስላሳ የሱፍ ነጠላ ገዝቼላታለሁ፤ ጉልበቷ ላይ ጣል ስታደርገው ይቅር ትለኛለች። እስክመጣ እንዳትነግራት፣ በድንገት ነው የምሰጣት።

ነገ ጎህ ሲቀድ መልህቅ እናነሳለን። መርከበኞቹም ደስ ብሏቸዋል፤ በኔ ምክንያት መሳለቂያ ሆነው ነበር።

አንድ ነገር ብቻ። ሌስቦስ ላይ ትንሽ እቆማለሁ። አንድ ሰው ግማሹን በዛሬው ዋጋ እወስዳለሁ ብሎ ቃል ገብቶልኛል፤ እሱን አራግፌ ወዲያው እቀጥላለሁ። ያው በመንገዴ ነው። ግማሹ ለናንተ ይበቃል፤ መርከቡም ቀለል ሲል ይፈጥናል። ከበዓሉ በፊት እደርሳለሁ፣ ጭንቀት አይግባህ።

ለሚካ፣ ዶልፊኗን ይዛ ወደቡ ላይ ትጠብቀኝ በልልኝ።

ታናሽህ አርቴሞን

*

ከአባታችን ቤት
ከአዲሱ ወይን በዓል ማግስት

አርቴሞን፣

ይህን በሰም ሰሌዳ ሳይሆን በእርሳስ ብረት ላይ ጭሬ ነው የምልክልህ። ዓሣ አጥማጁ ግላውኮስ ሌስቦስ ወይም መንገድ ላይ ካገኘህ ይሰጥሃል። ማንበብ አይችልም። ካነበብከው በኋላ አቅልጠው፣ ለመረብ ክብደት ይሆናል።

እማዬ ሞታለች። የሞተችው በዘር ወር መጨረሻ ነው፤ የባለፈውን ደብዳቤ ስጽፍልህ ከተቀበረች ቆይታለች። ልነግርህ ያልፈለግሁት ሐዘኑ ሰብሮህ እዚያው እንዳትቀር ብዬ ነው። ወይም ልቀጣህ ፈልጌ ይሆናል፣ እኔም አላውቀውም። በሽታ አልነበራትም። መብላት ነው ያቆመችው። ነጠላውን ሌላ ሰው አልብሰው።

ትላንት እስከ እኩለ ቀን ወደቡን አየሁ። ናኒስ «ሂድ፣ ሰው እየጠበቀህ ነው» አለችኝ። ሚካ ዶልፊኗን ይዛ ወደብ ልሂድ ብላ አለቀሰች። ወደ ቲያትሩ ይዣት ሄድኩ።

አነበብኩት። አንድ ቃል አልዘለልኩም። «በብልሃት» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ከሌላው ቦታ ሁሉ በላይ ጠነከረ፤ እንዴት እንደሆነ አልገባኝም። «እሱም ዘሩም» ስል ሚካ ከፊት ተቀምጣ በከንፈሯ ተከተለችኝ፤ አንዳች አልሳተችም። እንዳደንቃት እያየችኝ ነበር።

አዋጅ ነጋሪው «የሚያውቅ ይናገር» አለ። ሰው መቀመጫውን ማንሳት ጀምሮ ነበር። እኔ ተናገርኩ። ስምህን፣ የአባባን ስም፣ የቆምክበትን ወደብ ተናገርኩ። ያን ዋጋ የጻፍኩልህ እኔ መሆኔንም አልደበቅሁም።

ወዲያው ፈረዱ። የራሱን ወንድም ያጋለጠ ሰው ቅን ነው፣ እሱና ልጁ ከዘር አይቆጠሩም አሉ። አማልክት ይህን ፍርድ ሰምተው እንደሁ አላውቅም። ራሴ ላይ የወይራ ቅጠል አክሊል አደረጉልኝ፤ አክሊሉን ያመጣችልኝ ሜሊታ ናት። ከዚያ መጥተው ያንተን ክፍል ጣሪያ አወረዱት፤ በሩንም ገነጠሉት። ማንም እዚያ አይገባም፣ የተረገመ ነው። የኔን ግማሽ አልነኩትም።

ወደዚህ አትምጣ። ገብሱን ይዘህም ቢሆን አትምጣ።

ሌኦዳማስ

*

ከፊት ለፊታችሁ ካለችው የፍየል ደሴት
በዓሉ ካለፈ በኋላ

ወንድም ጋሼ፣

ደብዳቤህን ግላውኮስ የሰጠኝ ከተወገርኩ በኋላ ነው። በግላውኮስ አስጠይቀኸኛል፤ አዎ፣ ቅንድቤ ላይ ነው ያገኘኝ፣ ዓይኔ ደህና ነው። አንደኛው መርከበኛ ግን ክንዱ ተሰብሯል። ምን በደለ? ገመድ ነበር የሚይዘው።

እንዴት እንደነበር አላየህም፤ ቤትህ ነበርክ አሉ። ወደቡ አፍ ላይ ስንደርስ ሰው ሁሉ ሲሮጥ አየሁ። ለኔ መስሎኝ እጄን አወዛወዝኩ። ጋሼ፣ እነዚያን ሰዎች ባላያቸው ይሻለኝ ነበር። ሜሊታን አላወቅኋትም፤ የራስዋ ጥላ ትመስላለች። ድንጋዩን በሁለት እጇ ነው ያነሳችው፣ በአንድ አልችል ብላ። «ገብስ ነው፣ በነፃ ውሰዱት» ብዬ ጮህኩ። እውነቴን ነው፣ በነፃ አልኩ። «የተረገመ እህል አንበላም» አሉ። አንዱን ጆንያ ቀድጄ በመርከቡ ጫፍ አፈሰስኩላቸው፤ ባሕሩ ላይ ተንሳፈፈ፣ አንድ ልጅ ሊገባ ሲል እናቱ በፀጉሩ ይዛ ጎተተችው። ርሃብተኛ ገብስን በድንጋይ ሲያባርር አየሁ። ቲያትሩ ውስጥ ያለው የእርግማኑ ድንጋይ እህል እንዲገባ ብለው አያቶቻችን የቀረጹት አልነበረም?

የእማዬን ነገር ገና አላመንኩም። ነጠላውን ታጥፎ እንዳለ ይዤዋለሁ። ሌስቦስ ላይ የተቀበልኩትን ገንዘብ አላየሁትም፤ ከሱ ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ ነው። በቀጥታ ብመጣ ኖሮ ከበዓሉ አስቀድሜ እገባ ነበር። ጠዋት የምነቃው ይህን እያልኩ ነው።

ይቅር በለኝ አልልህም። ስለ ሚካ ግን ንገረኝ። ግላውኮስ «ታማለች፣ ቤት ውስጥ ነው የምትውል» ይለኛል። አባባ ጀልባውን የሚያስርበት ዋሻ ታስታውሳለህ? ከውስጥ፣ ውሃው የማይደርስበት ቦታ ላይ አንድ ስልቻ ገብስ አስቀምጫለሁ። ለሚካ ብቻ ነው። ካልፈለግህ አይጦች ይብሉት።

አርቴሞን

*

ከአባታችን ቤት
በለሱ ቅጠል ባወጣበት ሰሞን

አርቴሞን፣

ወሰድኩት። ሄጄ እስካነሳው ድረስ አልወስድም እያልኩ ነበር የምሄደው። ተሸክሜው ስመለስ ከበደኝ አልልህም፤ ቀለለኝ።

ሚካ ትበላለች። ግላውኮስ የነገረህ እውነት ነበር፤ ፀጉሯ በእጄ ላይ ይቀር ጀምሮ ነበር፣ ስጠራት ቶሎ አትሰማኝም ነበር። አሁን ቆማ ትሄዳለች። መጀመሪያ ቀን ናኒስ ገንፎውን ስታቀርብላት «አባዬ፣ ይኸ ገብስ የማነው?» አለችኝ። «የኛ ነው» አልኳት። አየችኝና በላች። ናኒስም አልጠየቀችኝም። ይቺ አፏ የማያርፍ ሴት ከዚያ ቀን ወዲህ ጸጥ ብላለች።

የት እንደማስቀምጠው ልንገርህ። ያንተ ክፍል ውስጥ ነው፤ ጣሪያ በሌለው። የተረገመ ቦታ ስለሆነ ማንም ዝር አይልበትም። ከተማው ውስጥ ከዚያ የተሻለ ጎተራ የለም። ናኒስ የምትፈጨው ማልዳ ነው፣ የወፍጮው ድምፅ እንዳይሰማ ጨርቅ አንጥፋ።

ሌላም አለ፤ ከሁሉ ያስቸገረኝ እሱ ነው። ለሜሊታ አልሰጠሁም። ብሰጣት ከየት አመጣኸው ትላለች፤ ካወቀች ትናገራለች፣ ከተናገረች ሚካን መልሰው እርግማኑ ውስጥ ይከቱብኛል። እንዲህ እያልኩ ለራሴ አስረዳሁ፤ አሳማኝ ነው፣ አንተም ብትሰማው ትስማማለህ። አንድ ቀን በራችን ላይ መጥታ «ለቢዮን የሚቀመስ ነገር ካላችሁ» አለች። ስልቻው ከኋላዬ፣ ከግድግዳው ማዶ ነበር። «እኛም የለንም» አልኳት። «አውቃለሁ፣ ቢኖርህ አንተ አትከለክለኝም፣ ቅን ሰው ነህ» አለችና ባረከችኝ። አክሊሉ እስካሁን በሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ደርቋል።

በግድግዳው በኩል ቢዮን ሲያለቅስ ይሰማን እንደነበር ጽፌልህ ነበር። አሁን አይሰማንም። ባለፈው ሳምንት ነው የተቀበረው። ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ፤ ክብደት አልነበረውም። ሚካ ዶልፊኗን መቃብሩ ላይ አስቀምጣ መጣች።

አባባ ያስተማረንን ስም አሁን ለማን እንደምሰጠው አላውቅም። አንተ የራስህን በባሕር ላይ ይዘህ ነበር፤ ልትሸጠው ፈልገህ ነው። እኔ ግን በቤቴ፣ በግድግዳ ማዶ ልቅሶውን እየሰማሁ ነው የያዝኩት። አንተ ገና ሰው ሳትነካ ነበር የተረገምከው። እኔ በሰው ፊት ሳልፍ ግን ይሰግዱልኛል።

የዜውስ በዓል ደርሷል። እርግማኑ በዓመት ሦስቴ እንደሚነበብ ታውቃለህ። ነጩን ልብስ ናኒስ አጥባዋለች። ድንጋዩ አጠገብ ቆሜ አነበዋለሁ፤ አንድ ቃል አልዘልም። አዋጅ ነጋሪው «የሚያውቅ ይናገር» ሲል ዝም እላለሁ፤ ሰው ሁሉ መቀመጫውን አንስቶ ይሄዳል። ሚካ ከፊት ትቀመጣለች። ስለማመድ መጥረጊያዋን ይዛ መከተል ትታለች፤ ጓሮው ጥግ ቁጭ ብላ ታየኛለች። ቃሉን ሁሉ ታውቀዋለች፣ ስልቻውንም አይታዋለች። ብትናገር ይሻል ይሆን እያልኩ አስባለሁ፣ ከዚያ ደግሞ እፈራለሁ።

ገብሱ ሊያልቅ ነው። ከበዓሉ በኋላ ሌላ ስልቻ እዚያው ዋሻ ውስጥ አስቀምጥልኝ። ከቻልክ ትልቁን አድርገው። ይህንንም ካነበብከው በኋላ አቅልጠው።

ወንድምህ ሌኦዳማስ